ብቻቸውን የሚኖሩ፦ አንድ

ጥቅምት 4

እትዬ፣

ሰላምታውን በሙሉ ከጻፍኩት ወሬው ሳይጀመር ወረቀቱ እንዳያልቅ ፈራሁ፤ ስለዚህ ባጭሩ፦ ሁላችንም አለን። ሹፌሩ ባሌ ወገቡን ያመዋል፤ ሲያመው ይነጫነጫል፣ ሲሻለውም ይነጫነጫል። ድምቡሼ ልጄ ከነርስ ትምህርት ቤቷ ጽፋልኛለች፤ ፈተና በዝቶብኛልና ለእረፍት አልመጣም ብላለች። ካየኋት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግድ የለም፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ የመጣች ቀን ሁሉም ይካሳል።

አሁን ወደ ዋናው። ሥራ አገኘሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ላንቺ ለመጻፍ ብቻ የነበርኩት ሴትዮ፣ ይኸው አንገቴ ላይ ባጅ ተንጠልጥሎ ፎቶዬ በላዩ ላይ ይስቃል። ለወረዳችን መገለጫ ሊዘጋጅለት ነው። ስንት ሰው እንደሚኖርበት፣ ስንቱ ወንድ ስንቱ ሴት እንደሆነ፣ ማን ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ስንቱ ጠዋት ወደ ከተማ ወጥቶ ማታ እንደሚመለስ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሁሉም በወረቀት ይሰፍራል። የውሃው መስመርም፣ የትምህርት ቤቱ ክፍልም፣ የአውቶቡሱ ምልልስም የሚወሰነው በሱ ነው አሉን። ታዲያ ያንን ሁሉ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔን ከማንኳኳት ማን ከልክሎኝ ያውቃል?

ተቆጣጣሪያችን ገና ወጣት ነው፤ መነጽሩ ከፊቱ ይበልጣልና ስሙን ትተን መነጽር እንለዋለን። ሦስት ቀን አሠለጠነን። ከሁሉ በፊት ግን መሐላ ነው። ቀኝ እጃችንን አንሥተን፣ በየቤቱ ያየሁትንና የሰማሁትን ለትዳር ጓደኛዬም ለዘመዴም ለማንም አልናገርም ብለን ማልን። አጠገቤ የቆመችው ሴት በክርኗ ጎሰመችኝና «አንቺስ ከዛሬ ጀምሮ በምን ልትኖሪ ነው?» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ራዲዮ የሚለኝ በከንቱ አይደለም። ቢሆንም ማልኩ፤ ስምል ደግሞ ደስ አለኝ፣ የሆነ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

የደረሰኝ የት መሰለሽ? ያንቺው መደዳ። መነጽር «እዚያ ዘመድ አለሽ እንዴ?» ሲለኝ «የሌለው ማን አለ?» አልኩትና በዚያው አለፈ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውልሽ ጥር ላይ ያልቃል፤ ወይ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ ወይ ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ፣ ቁርጡም ያለው ባልሽ ዘንድ ነው። ደብዳቤው ለምን እንዳጠረ ሄደሽ እዪልኝ ብለሻል። እኔ እሱን ሁልጊዜ የማገኘው ብየዳ ቤቱ ነው፤ ቤታችሁን ከረገጥኩ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ወረዳው ራሱ ልኮኝ እገባለሁ።

አትደውዪልኝ ያልሽውም ገብቶኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሴት ማለት አሥራ ስድስት ጆሮ ነው። ወረቀት ይሻላል።

ባለባጇ እህትሽ

•

ጥቅምት 19

ራዲዮ፣

የባጁን ነገር ለክፍሉ ሴቶች አነበብኩላቸው፤ ስቀው ሊሞቱ። እኔም ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ አንሶላ አያልቅም፤ አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ አጥፈሽ ዞር ስትዪ ሌላ ጋሪ ሞልቶ ይመጣል። እንፋሎቱ ክንዴን ትንሽ ነክቶኝ ነበር፣ ትንሽ ነው።

ለልጅሽ አክስትሽ በርቺ ብላለች በያት። አባቷ «ሴት ልጅ ብቻዋን ሩቅ አገር አትሄድም» ሲል «በኔ ይሁንብህ» ብዬ ያስለቀቅኋት እኔ ነኝ። እንዳታሳፍረኝ።

ስለ ቤቴ ግን እውነቱን ንገሪኝ። ባሌ ድሮም ብዙ አያወራም፣ ሲጽፍ ግን ሁለት ገጽ ይጽፍልኝ ነበር፤ ስለሠራው የብረት በር፣ ስለ ጣሪያው፣ ግቢያችን ስለምትገባው የሰው ድመት። ካለፈው ግንቦት ወዲህ አራት መስመር ሆነ። ደህና ነኝ። ቤቱ ደህና ነው። አይዞሽ። ሰላም ሁኚ። እኔን ያስፈራኝ «አይዞሽ» የሚለው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አይዞሽ ብሎኝ አያውቅም፤ የሚያስብለው ነገር አልነበረም።

ልጅ አልሰጠሁትም። ይህን የምለው ላንቺ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ የማስበው እሱን ነው። ሄደሽ እዪና ያየሽውን ጻፊልኝ፤ ሳታሳምሪ።

እህትሽ

•

ኅዳር 8

እትዬ፣

ዘገየሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። እግሬ ነው። በቀን አሥር ቤት ማለት ቀላል እንዳይመስልሽ፤ አንዱ የለም፣ አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ደግሞ ግብር ሊያስከፍሉኝ ነው ብሎ ከአልጋ ሥር ይገባል።

ሰፈራችንን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አላውቀውም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መደዳው ጭር ይላል፤ ጉልበት ያለው ሁሉ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። የሚቀሩት ሽማግሌ፣ ሕፃንና ውሻ ናቸው። የምንኖርበት ሳይሆን የምናድርበት ሰፈር ነው። መነጽርም እንዲህ አለ፤ እሱ ግን በመቶኛ ነው ያለው።

ደግሞ ጨዋታው። የማን ቤት እንደሆነ አልነግርሽም። አንዱን «ትናንት እዚህ ስንት ሰው አደረ?» ብለው «የተኛውን ነው ወይስ የሚያንኮራፋውን? ካንኮራፋማ እኔን አላስተኛኝምና እኔን አትቁጠሪ» አለኝ። አንዲት እናት ደግሞ ዕድሜያቸውን ስጠይቅ ሠላሳ በይ አሉኝ። «እማማ፣ ልጅዎ እኮ ሃምሳ ሁለት ነኝ አለኝ» ብላቸው «እሱ መቼም ቸኩሎ ነው ያደገው» አሉ።

ያንቺን ቤትም ቆጠርኩ። በሩ ላይ በጠመኔ ዘጠኝ ቁጥር ጽፌያለሁ። ባልሽ ጤነኛ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አንቺ ከነበርሽበት ጊዜ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፤ ምያለሁ።

ስለ ድምቡሼም ጠይቀሽኛል። ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች።

እኔው

•

ኅዳር 27

እትዬ፣

መቆጣትሽ አይፈረድብሽም። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ምስጢር ጠባቂ የሆንሽው?» ብለሽኛል። እኔም እሱን ነው ራሴን የምጠይቀው።

አንድ በአንድ ልመልስልሽ። ታሟል ወይ? አልታመመም። መጠጥ ጀምሯል ወይ? እሱ ከሻይ በላይ ምን ያውቃል? ሥራ ፈቷል ወይ? አልፈታም፤ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ወረፋ አለ። «ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ ወይ?» የሚለውን የመጨረሻ ጥያቄሽን ግን አልመልስም። አልመልስም ማለቴ አዎ ማለቴ አይደለም፤ እባክሽ እንደዚያ አታንብቢው። የማልኩት በገዛ ፈቃዴ ብቻ አይደለም፣ ያስማሉኝ ሰዎች አሉ። ከአንድ በላይ ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። እንቅልፍም አጣሁ። ሹፌሩ «ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው? ታመምሽ እንዴ?» ይለኛል።

ባዶ እጅሽን እንዳላስቀርሽ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። መነጽር የየመደዳውን ድምር ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፈ። «ይህን ለእህቴ ብገለብጥላት ኃጢአት ነው?» አልኩት። «ስም የለበትም፤ ድምር ማንንም አይጎዳም» አለኝ። እኔ የቆጠርኩትን፣ ያንቺን መደዳ ገለበጥኩልሽ። እያንዳንዷን ቁጥር በር አንኳኩቼ ነው ያመጣኋት፤ ኩሪብኝ።

ቤት፦ 14
ሰው፦ 59 (ወንድ 27፣ ሴት 32)
ከአንድ ዓመት በታች፦ 3
ከ65 ዓመት በላይ፦ 6
ወደ ከተማ ተመላልሰው የሚሠሩ፦ 19
እዚሁ ሰፈር የሚሠሩ፦ 8
ብቻቸውን የሚኖሩ፦ 1

አያምርም? አሥራ አራት ጣሪያ በአንድ መዳፍ።

የምትወድሽ

•

ታኅሣሥ 12

ራዲዮ፣

ቁጥሮቹ ደረሱኝ። ጥሩ ቆጥረሻል። አኮራሽኝ።

በምሳ እረፍቴ የአንሶላ መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ መደዳችንን ከጥግ ጀምሬ ቤት በቤት አወረድኩት። አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ነው። ከሄድኩ ወዲህ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደለቀቀ አንቺው ከወፍጮ ቤት እየሰማሽ ስትጽፊልኝ ኖረሻል። አንድም ቤት አልዘለልኩም። ሃምሳ ሰባት መጣ። ደገምኩት። ሃምሳ ሰባት። ያንቺ ሃምሳ ዘጠኝ ነው።

ሕፃን ሦስት ብለሻል። የመካኒኩ መንትዮች ሁለት ናቸው። ሦስተኛው የማን ነው?

ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ብለሻል። ጡረተኛው መምህር ብቻቸውን ናቸው፤ አንዱ እሳቸው ናቸው። ባሌስ? ባሌም ብቻውን መሆን ነበረበት። ሁለት መሆን ነበረበት፣ እህቴ።

አንድ ሴት ከነልጇ። ቤቱም ከኔ ጊዜ ይበልጥ ንጹሕ ነው ብለሽኛል።

ባንቺ አልፈርድም፤ ምለሻል፣ መሐላሽን ጠብቀሻል። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የሁለት ዓመቱን ውል ፈረምኩ። ለሱም ጻፍኩለት። ያገኘኸውን ልጅ እግዚአብሔር ያሳድግልህ፣ ቤቱንም ይዘኸው ቅር፣ እኔን ግን ሚስቴ አትበለኝ አልኩት። ከእንግዲህ ስለሱ አንድ መስመር እንዳትጽፊልኝ።

ከክፍሉ ሴቶች ማንም አያውቅም። ዛሬም ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ።

•

ታኅሣሥ 24

እትዬ፣

አትጻፊልኝ ብለሽኛል፤ እጽፋለሁ። ይህን ሳታነቢ የቀደድሽው እንደሆነ ሌላ እጽፋለሁ፣ እሱንም ከቀደድሽ ተሳፍሬ መጥቼ አንሶላሽ መሐል ቆሜ እለፈልፋለሁ።

ሦስተኛዋ ሕፃን የኔ የልጅ ልጅ ናት።

ኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጠመኔዬን ይዤ በርሽ ላይ ቆምኩ። ባልሽ ሥራ ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንኳኳሁት ለደንቡ ነው። የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ፣ የጎረቤት መሰለኝ። በሩ ሲከፈት ድምቡሼ ናት። ከስታ አንገቷ ቀጥኗል። ትከሻዋ ላይ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ ሕፃን።

አፌ ሥልጠናውን ለምዶ ኖሮ ምን ብል ጥሩ ነው? «እንደምን ዋላችሁ፣ ለወረዳው ቆጠራ ነው የመጣሁት፣ ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ» አልኳት። ለገዛ ልጄ። እሷም ግራ ገብቷት «ግቢ» አለችኝ።

ጠረጴዛሽ ላይ ፎርሙን ዘረጋሁ። የተጻፈውን አነበብኩ።

«ትናንት እዚህ ቤት ያደሩት እነማን ናቸው?»

«ጋሼ። እኔ። እሷ።»

«ዕድሜ?»

«የኔን አንቺ አታውቂውም እማ?»

«ጥያቄው እንደዚያ ስለሚል ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ። እሷ ሦስት ወሯ።»

«ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለሽ ዝምድና?»

ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረቻት። «የሚስቱ እህት ልጅ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ግንቦት ላይ ነው የመጣችው፤ እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ሆዷ ገፍቶ። እኔ ጋ እንዳትመጣ አባቷ አለ። አንቺ ጋ እንዳትመጣ ሩቅ ነሽ። ባልሽ በር ላይ ቆሞ አያትና «አክስትሽ ብትኖር ምን ትልሽ ነበር?» አላት። «ግቢ ትለኝ ነበር» አለችው። «እንግዲያው ግቢ» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው ነገሩ። ለማንም እንዳይናገር አስማለችው፤ ላንቺም ጭምር። በኔ ይሁንብህ ብለሽ ስላስለቀቅሻት አንገትሽን ማስደፋት ከበዳት። ከትምህርት ቤት የሚመጡልኝን ደብዳቤዎች እሷ እየጻፈች፣ ጓደኛዋ ናት ከዚያ ፖስታ ቤት የምታስገባልኝ። ባልሽ ደግሞ መዋሸት አይችልበትም። ሁለት ገጽ ቢጽፍ አንዱ መስመር ላይ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ አራት መስመር ብቻ ይጽፋል።

መደዳው ግማሹ ያውቅ ነበር አሉ። የማን ልጅ እንደሆነች ስለሚያውቁ እኔ ስመጣ ወሬ ይለውጣሉ። ራዲዮ ያልሰማችው ብቸኛ ወሬ የራሷ ነበር።

የልጅቷ አባት ማን ነው ትይኛለሽ። ፎርሙ ላይ ያ ጥያቄ የለም፤ እኔም ገና አልጠየቅኋትም።

ለምን ያኔውኑ አልጻፍሽልኝም ካልሽ፣ ልጄ እግሬ ላይ ወድቃ «አባዬ ይገድለኛል» አለች። ባልሽም «እኔ ቃል ሰጥቻለሁ፣ አንቺም ስጪ» አለኝ። የመንግሥቱ መሐላ አለ። ከሁሉም በላይ ግን አፍሬ ነው። ስለ ነጭ ጋዋኗ ስንት ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ? መሐላውን እንደ ነጠላ ተከናነብኩት እንጂ ከሥሩ ያለው እፍረት ነው። እሱን ሸፍኜ ባንቺ ቤት ላይ እሳት ለቀቅሁበት። ስገለብጥልሽ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ ባልሽ ሮጥኩ። ያንቺ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነበር። «ጋሼ፣ አነበብከው?» አልኩት። «እህትሽ ሒሳብ ትችላለች» አለኝ። የብየዳ መከለያውን ፊቱ ላይ መለሰና ሥራውን ቀጠለ። ብትጮኺበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ መነጽር ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የዘመድ ቤት መቁጠሬንም፣ መገልበጤንም፣ ዛሬ ላንቺ የምጽፈውንም። ባጄን ተቀበለኝ። የፎርም ቦርሳዬንም። ግድግዳው ጋ ሄዶ የትናንሾቹን መደዳዎች ወረቀት አንድ በአንድ ነቀለ። «ድምር አይጎዳም ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ቤት ግን ድምር ሳይሆን ጎረቤት ነው» አለ። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። እኔ ግን አልቅሼለት ወጣሁ።

ለሹፌሩም ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። ከሱ በፊት ግን ላንቺ።

እትዬ፣ ቤትሽ ውስጥ ማንም አልተተካብሽም። አንዲት የሦስት ወር፣ አሁን የአራት ወር ተኩል ሰው ተጨመረች። አፍንጫዋ ያንቺ ነው። ይህን በእንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን ምን ላድርግ፣ ሳያት ደስታው ያንቀኛል።

ይቅር በይኝ።

•

ጥር 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱ ጫፉ ረጥቦ ነበር፤ ያንቺ ይሁን የኔ እንባ አልለየሁትም። ውሉን ልሰርዝ ብለሽ ቢሮ መሄድሽን፣ ጸሐፊዋም «ስም ዝርዝሩ ተልኳል፣ ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ዓመት ነው» ማለቷን አነበብኩ። «ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ በየትኛው አፌ?» ያልሽውንም።

ስለ ሹፌሩ ጠይቀሻል። ነገርኩት። ሦስት ቀን ስለ ወገቡ እንኳ አልተነጫነጨም፤ እኔ ወገቡን ረስቼ ልቡን ፈራሁለት። በአራተኛው ቀን ሚኒባሱን በመደዳችሁ በኩል ነዳው አሉ፤ መስመሩ እኮ አይደለም። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ሲደርስ ቀስ አለ፣ ከዚያ አለፈ። ትናንትም አለፈ። ገና አልቆመም። ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቀዋለች።

ስለ ባልሽ ግን ስሚኝ። ደብዳቤሽን ይዤ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። አብረሽ ለሱ የላክሽው ገጽ ላይ አንድም ነገር አልጨመርኩም፤ እንዳለ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። ተቀምጦ ደገመው። ደንበኛው «ጋሼ፣ በሩስ?» ሲለው «ነገ» አለው። ለዛሬ ያለውን ሥራ ለነገ የማያሳድር ሰው ነበር።

«ምን ልጻፍላት?» አልኩት።

«አትጻፊላት።»

«ጋሼ፣ ሰው ትሳሳታለች እኮ። ሩቅ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ቁጥር ብቻ ነው የላክሁላት።»

«ቁጥሩ ትክክል ነው» አለኝ። «ሁለት ሰው ጨምሯል። እኔን ግን አሥራ አራት ዓመት ታውቀኛለች።»

ገጹን አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ «ከከተማው ወዲያ ወዳለችበት የሚሄደው አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው?» አለኝ። ሰውዬው እኮ ከዚህ ወረዳ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው። ነገርኩት፤ ሁለት ቦታ መውረድ እንዳለበት፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ በጓሮው በር በኩል እንደሆነ፣ አንቺ የምትወጪው አሥር ሰዓት ላይ እንደሆነ። ወረቀት ላይ ጻፊልኝ አለ። ጻፍኩለት። ቁልፉን ለድምቡሼ ሰጣት፣ የሕፃኗን እግር ሳም አደረገና ዛሬ ጠዋት ተሳፈረ።

ሊታረቅሽ ይሁን ሊሰናበትሽ፣ አልነገረኝም። ፊቱን አይቼ ላነብ ሞከርኩ፤ ያንን ሰው አንቺ እንጂ እኔ አላነበው። ይህ ደብዳቤ ከሱ ኋላ ይደርስ ይሆናል። እሱ ቀድሞ ከደረሰም ደህና፣ የሆነው ሆኗል ማለት ነው። ደብዳቤው ከቀደመ ግን እህቴ፣ በአሥር ሰዓት በጓሮው በር ስትወጪ ቀና ብለሽ እዪ። እዚያ ከቆመ እስኪናገር አትጠብቂው። እሱ መናገር አይችልበትም። ቀድመሽ ተናገሪ።